የብብት ዳቦ

«ባንክ ነው እንዴ የምትጠብቂው? ለአንድ ጭቃ ቤት አራት ውሻ!»

«ባንኩማ የመንግሥት ነው፤ ዘበኛ አለው» አለች እልፍነሽ። የአጥሩን በር በግማሽ ከፍታ በሌላው ግማሽ ራሷ ቆማበታለች። «የእኔን ቤት ማን ይጠብቅልኝ? አንተ?»

«መመሪያ ነው እያልኩሽ!» የቀበሌው ሊቀመንበር ተሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። ጎረቤቱ ሁሉ በየአጥሩ ሥር እንደሚያዳምጥ ያውቃል። «የእብድ ውሻ በሽታ ገብቷል። ለአንድ ቤት አንድ ውሻ ብቻ። ሦስቱን ታስረክቢያለሽ።»

«የትኞቹን ሦስት?»

«አሮጌዎቹን ስጪና ከቡችሎቹ አንዱን አስቀሪ። እኔ ምን ቸገረኝ!»

«አሮጌዎቹ ልጆቼን ጠብቀው አሳድገውልኛል። አሁን ደግሞ ቡችሎቹን እያሳደጉልኝ ነው። አንዱንም አልሰጥም። ጻፈው።»

ከተሰማ ኋላ የቆመው፣ ንብረት የሚባለው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አወጣ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እምቢ አለች በል።»

ስሙ የተጠራ የመሰለው አንደኛው ቡችላ፣ እምቢ፣ በእግሮቿ መሀል ብቅ አለና በተሰማ ላይ ይጮህ ጀመር። ወንድሙ፣ አለሁ የሚባለው፣ ተከተለው። ባለ አንድ ዓይኗ ዳማም ከኋላ አገዘቻቸው። ሽማግሌው መከታ ብቻ ዝም ብሎ ወጣና የተሰማን ጫማ አሸተተ። ተሰማ እግሩን ሰበሰበ። መከታ ጆሮው ከደነቆረ ሁለት ዓመት ስለሆነው ዝምታውን ማንም ልብ አላለውም።

«እንግዲያው ይሁን፤ አራቱንም ያዢ» አለ ተሰማ በድንገት ለስለስ ብሎ። «ግን እሑድ ስብሰባ ላይ ቡችሎቹን ይዘሽ ትመጪና ይመዘገባሉ። ካልመጣሽ ሰኞ ጧት መርዝ የነካው ሥጋ በአጥርሽ ላይ ይወረወራል። ያን ጊዜ አሮጌ፣ ቡችላ ብሎ ነገር የለም።»

ዞሮ ሄደ።

ቡችሎቹን ከሦስት ወር በፊት ከቱርሚ ያመጣቸው ባሏ ወርቅነህ ነበር። አናጢ ነው። እዚያ የትምህርት ቤት በር ሲገጥም ሰንብቶ በጭነት መኪና ሲመለስ፣ በሳሙና ካርቶን ውስጥ ሁለት ዓይነ ጭፍን ፍጥረቶች ታቅፎ ወረደ። እልፍነሽ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር። ዳማም ተቆጣች፤ በሁለተኛው ቀን የአለሁን ጆሮ ነክሳ አደማችው። መከታ ግን የሚተኛበትን ጆንያ ለቀቀላቸውና መጋዝ ቤቱ ደጃፍ፣ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ መተኛት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በአሮጌዎቹ ሥርዓት ሄደ። ገበታው ሲቀርብ መከታ ይበላል፣ ቀጥሎ ዳማ፣ ቡችሎቹ በሆዳቸው ተኝተው ይጠብቃሉ። የቸኮለውን ዳማ በጀርባው ገልብጣ አንገቱ ላይ ትቆምበታለች። ትምህርቱ የገባው ሲመስላት ትለቀዋለች። መከታ የበሩን ኮቴ ስለማይሰማ የዳማን ጆሮ እያየ ነበር የሚነሣው። ቡችሎቹም ይህን አይተው፣ ድምፅ ሰምተው እንኳ፣ መጀመሪያ ሰሞን ዘወር ብለው የዳማን ጆሮ ሳያዩ አይጮሁም ነበር።

ለዚህ ቤት ውሻ ጌጥ አልነበረም። የሚያመልኩበት ጸሎት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወርቅነህ ሳንቃ በሚያከማችበት የጓሮ ክፍል ይሰበሰባሉ። መዝሙሩን አፋቸውን ዘግተው በአፍንጫቸው ብቻ ያዜማሉ። ውሾቹ ሲጮሁ መጽሐፍ ቅዱሱ ፍቅፋቂ ውስጥ ይገባል፣ ወርቅነህ መጋዝ ያነሣል፣ ሴቶቹ ሳንቃ የሚገዙ ይመስላሉ። አንዱ አሮጌ የማይሰማ፣ ሌላዋ በግማሽ የማታይ ከሆነች በኋላ ግን ጥበቃው የቡችሎቹ ሆነ።

ችግሩ ቡችሎቹ በአሥራ አራቱም ላይ መጮሃቸው ነበር። እልፍነሽ እናቷ በጎፋ አገር ታደርግ የነበረውን አስታወሰች። ቡችላ ቤተኛውን እንዲለይ፣ ሰውየው ቁራሽ ዳቦ ብብቱ ሥር አድርጎ እስኪያልበው ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ በእጁ ያበላዋል። የሰውየውን ላብ የበላ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ አይጮህበትም ይባላል። አሥራ አራቱም በየተራ እንዲሁ አደረጉ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሙሴ እንኳ «ይህ ከንጽሕና ትምህርት ጋር አይሄድም» እያለ በነጭ ጋዋኑ ሥር ዳቦ ይዞ ዋለ።

የእሑዱ ትእዛዝ በመጣበት ማታ ወርቅነህ «ካኮ ከተማ፣ እህቴ ዘንድ እንላካቸው፣ እልፌ» አላት። «ነገሩ እስኪበርድ።»

«ዛሬ ውሾቹን ካኮ፣ ነገ ልጆቹን ካኮ። ከነገ ወዲያስ እኛ የት ልንሄድ ነው?»

«ሰውየው አንድ ነገር አስቧል። ለመመዝገብ ውሻ ስብሰባ አይጠራም።»

«ያስብ። እኔም አስባለሁ። አራቱንም ይዤ እሄዳለሁ።»

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ፤ የቀረ ይቀጣል። እልፍነሽ አራት ገመድ በእጇ ይዛ ስትገባ ሰዉ ሳቀ። «ዛሬ ውሻም ተሳታፊ ነው?» አለ አንዱ። «ከአንተ ይሻላሉ፤ አያንቀላፉም» አለችው።

ተሰማ ቀይ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ ኋላ ተነሣ። «የቡችሎቹን ገመድ ፍቺ» አለ። ከዚያ ወደ ንብረት ዞሮ፣ «ጅራታቸውን የቆሉለትን ሰው ሁሉ ስም ጻፍ።»

ሰዉ ግራ ገባው። አሥራ አራቱ ብቻ ገባቸው። አዳራሹ ውስጥ ተበታትነው እንደ ተቀመጡ፣ እያንዳንዳቸው እጃቸውን ወደ ጎናቸው አጥብቀው ያዙ።

«ውሻ ቤተኛውን ያውቃል» አለ ተሰማ። «ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ቤት ማን እንደሚገባ ሰው ጠይቄ አጣሁ። አሁን የማይዋሽ እጠይቃለሁ።»

እልፍነሽ አልፈታችም። ከቀበሌው ጥበቃዎች አንዱ መጣና የቡችሎቹን ገመድ ከእጇ ነጥቆ ፈታቸው። እምቢ አግዳሚዎቹን እያሸተተ ሄዶ ሙሴ ፊት ቆመና በሁለት እግሩ ተነሣበት። ንብረት ጻፈ። አለሁ ዳቦ ሻጯን ባዩሽን አገኛት። በእግሯ ገፋችው፤ ጨዋታ መስሎት ነጠላዋን ነክሶ ጎተተ። ንብረት ጻፈ። ባዩሽ ነጠላዋን ነጥቃ ጭኗ ላይ ጠቀለለችው። እምቢ ሦስተኛውን ሰው ለመፈለግ ዞረ።

«ተሰማ!» አለች እልፍነሽ። ጓድ አላለችውም። «ይህን ብልሃት ማን ነገረህ?»

«አንቺ ጠያቂ አይደለሽም። ተቀመጪ።»

«ቆሜ ነው የምጠይቅህ። የብብቱን ዳቦ ነገር ማንም አልነገረህም፤ ታውቀዋለህ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ሳለህ ሦስት ዓመት ቤቴ በደባልነት ስትኖር መከታን እንዲያ አብልተኸዋል። ውሻ የሚመሰክር ከሆነ ሽማግሌውም ይመስክር እንጂ! የቡችላ ምስክርነት በየትኛው አገር ይጸናል?»

ከኋላ ሴቶቹ ሳቁ። እልፍነሽ ጎንበስ ብላ መከታን ፈታችው።

መከታ ጫጫታውን አይሰማም። በአግዳሚዎቹ መካከል፣ በአሥራ ሁለት ዓመት እግሩ፣ ቀስ እያለ ሄደ። በሙሴ በኩል አለፈ፤ አላየውም። ከባዩሽ ፊት ትንሽ ቆመና መንገዱን ቀጠለ። በቀዩ ጨርቅ ሥር ገባ፤ ጅራቱ ብቻ ውጪ ቀረ። ጅራቱ መወዛወዝ ጀመረ። ከዚያ በማዶ በኩል ወጥቶ የተሰማ ጫማ ላይ ተቀመጠና አገጩን ጉልበቱ ላይ ጣለ።

የተሰማ እጅ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ወረደ። የመከታን ግራ ጆሮ ሥር፣ ውሻው ዱሮም እንዲታከክለት የሚወደውን ቦታ፣ ሁለት ጊዜ አከከ። ከዚያ ሁለት መቶ ሰው እንደሚያየው አስታውሶ እጁን አነሣ።

የኋላዎቹ ለማየት ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ ንብረት፣ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደ ቆመ፤ በቅን ልብ ነበር የጠየቀው። «እርስዎንም ልጻፍ?»

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ፊተኛው አግዳሚ ደረሰ። ጥበቃው እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እልፍነሽ አልሳቀችም። እንደ ቆመች ተሰማን ታየዋለች።

«ሰርዝ» አለ ተሰማ።

«የእርስዎን? ገና አልጻፍኩትም።»

«ሁሉንም! ሰርዝ አልኩህ። ወረቀቱን ወዲህ አምጣው።» ተቀብሎ አራት ቦታ ቀደደና ኪሱ ከተተው። «የውሻ ምዝገባው… አራቱም ተመዝግበዋል። ወደ ሁለተኛው አጀንዳ። ወደ ቦኖው ውሃ።»

«ሐሙስም እንደ ሐሙስነቱ ነው» አለች እልፍነሽ። መልስ አልጠበቀችም፤ ተቀመጠች።

የቦኖው ነገር የመጣው ሳይነገር የከረመ ብዙ ቁጣ ይዞ ነበር። ውሃው ለላይኛው ሰፈር ነው ወይስ ለታችኛው? ቁልፉን ማን ያዘ? ባዩሽ ከሁሉ በላይ ጮኸች። ሙሴ ተነሥቶ ስለ ቆሻሻ ውሃ ማስረዳት ጀመረ፤ አንዱ «አንተ መጀመሪያ ጋዋንህን እጠብ!» አለው። እልፍነሽ የቡችሎቹን ገመድ መልሳ እያሰረች፣ ታችኛው ሰፈር ሁለት ዓመት ከነሪ ወንዝ መቅዳቱን ትከራከር ጀመር። ዳማ ቸኩሎ የዘለለውን አለሁን በጀርባው ገልብጣ አንገቱ ላይ ቆመችበት።

በዚህ መሀል ተሰማ ቆቡን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ በጎን በኩል ባለው በር ወጣ። በከተማው መሀል ያለውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር፣ በሚግጡት ከብቶች መካከል፣ ወደ ቤቱ አቋርጦ ሄደ። መከታም ከጠረጴዛው ሥር ተነሣ። ወገቡን አፍታትቶ ወጣና አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ተከተለው።