የዘይነባ ጆንያ

ዘይነባ በኡራኤል ቁልቁለት ከሰል ስትሸጥ በስሟ የሚምል ገዢ አይጠፋም ነበር። ሌላው ነጋዴ ከጆንያው ሥር ድንጋይ ሸጉጦ ያስረክባል፤ እሷ ግን ገዢው ፊት ዘርግፋ "ዓይንህ እያየ ውሰድ!" ትላለች። ከወሎ ስትመጣ ከዚህ ስም በቀር ይዛ የመጣችው ነገር የለም። ትኮራበት ነበር። እንዲያውም፣ ካልደበቅን፣ ትንሽ ትመጻደቅበት ነበር።

ዋና ደንበኞቿ ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ያ ቁልቁለት ከጧት እስከ ማታ መዶሻ ሲጮህበት ይውላል። ማረሻ፣ ዶማ፣ ማጭድ፣ ልጓም፣ ምን ያልተሠራበት አለ! ጣሊያን ገባና በመርከብ የመጣ ዶማና ምስማር በየሱቁ ተከመረ። ገበሬውም ረከሰልኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። ቀጥቃጮቹ አንድ በአንድ ወናፋቸውን አጣጥፈው መንገድ ሥራ ገቡ፤ ብረት ሲያለሰልስ የኖረ ክንድ ጠጠር ተሸካሚ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻም ቦታው ለሹማምንቱ መኖሪያ ይፈለጋል ተባለ።

የቀሩት ጋሽ ደጋጋ ብቻ ነበሩ። ለእሳቸው የመጣው ትእዛዝ ቁርጥ ያለ ነው፤ ቤቱ ይፈርሳል፣ መዶሻውና መስፉ ለጣሊያን ጋራዥ ይገባል፣ እሳቸውም እዚያው ገብተው የታዘዙትን ይሠራሉ። መስፉ የጋለውን ብረት የሚቀጠቅጡበት፣ ከአባታቸው የወረሱት ከባድ ብረት ነው። እሱ ከሄደ ሌላ ከየትም አይመጣም፤ ሙያውም በዚያው አከተመ ማለት ነው።

"ለጣሊያን ምስማር ከማቃና እጄ ይቆረጥ!" አሉ ጋሽ ደጋጋ። "ቂርቆስ፣ እህቴ ግቢ ውስጥ ቦታ አለኝ። ዙሪያው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ስለሆነ የእኔን መዶሻ የሚለይ የለም። ግን መስፉን እንዴት ላሻግረው? ድልድዩ ላይ ባለው ኬላ ያውቁኛል።"

"እኔንም ከነአህያዬ ያውቁኛል" አለች ዘይነባ። "ከሰል ይዤ ሳልፍ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። ይጫኑልኝ።"

"ቢይዙሽ ይሰቅሉሻል እኮ!"

"ይስቀሉኛ! እርስዎ እሳትዎን ካጠፉ እኔስ ከሰሌን ልበላው ነው?"

መስፉን በአንዱ ጆንያ፣ እንዲመዛዘን ደግሞ መዶሻዎቹንና ጉጠቶቹን በሌላው ከተቱ፤ ዙሪያውን ከሰል ሞሉበት። ሁለት አህያ እያላት ሁሉንም በአንዷ ጫነችው። ዕድሜውን ሙሉ ከሰል የጫነ ሰው ጭነት ይከብዳል ብሎ አያስብም፤ ከሰል የተሸከመች አህያ ዱብ ዱብ እያለች ነዋ የምትሄደው! ይቺኛዋ ግን ገበያተኛው በተጨናነቀበት ድልድይ ላይ ስትደርስ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። አቃሰተችም።

ኬላው ላይ የቆመው ባንዳ የገጠር ልጅ ነው፤ አህያ ያውቃል።

"አንቺ ሴትዮ! ከሰል የጫነች አህያ እንዲህ ታቃስታለች እንዴ?" አለና የጠመንጃውን አፈሙዝ በጆንያው ውስጥ ሰደደ። ቋ! አለ።

ዘይነባ ዞር አለች። ከኋላዋ ገበያተኛው ተሰልፏል፤ መሃላቸው ለዓመታት ከሰሏን ያለ ክርክር ስትወስድ የኖረችው ጠጅ ሻጯ እጸገነት አለች። ዘይነባ አየቻት። ከዚያም ድልድዩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጮኸች፦

"ድንጋይ ነው ጌታዬ! ጆንያው እንዲሞላልኝ ከሥር ድንጋይ ጨምሬበት ነው! ምን ላድርግ፣ ገበያው ሞተብኝ!"



"ውይ ዘይነባ!" አለች እጸገነት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና። "እስከዛሬ እኔን ስታታልዪኝ ኖረሻላ! በአላህ እየማልሽ! ቱ!"

ሌላውም ተቀበላት። ሌባ ያላት አለ፣ የሰደባት አለ። ባንዳው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማጣራት አላስፈለገውም፤ ሰው ደንበኞቹ ፊት በገዛ ራሱ ላይ እንዲህ ያለ ውሸት ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ደግሞስ አዲሱን ልብሱን በከሰል ለምን ያጨማልቅ! "እለፊ፣ ሌባ!" ብሎ አህያዋን በሰደፍ ገፋላት።

ዘይነባ ቂርቆስ እስክትደርስ አለቀሰች። ቢሰቅሏት ይሻላት ነበር፤ እውነቷን ነው፤ ቢያንስ ከነስሟ ትሞት ነበር።

ጋሽ ደጋጋ የሆነውን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እኔ ሄጄ እውነቱን እነግርልሻለሁ!"

"ለማን? እጸገነት ከሰማች እኮ ከጠጅ ቤቷ ማታውኑ ጣሊያን ይሰማል። ይተዉት።"

"ስምሽስ ዘይነባ?"

"ከሰል ያነሰዎት ዕለት ስሜን ያንድዱት" አለችና ጆንያውን መፍታት ጀመረች።

ደንበኞቿ ሸሿት። ከጋሽ ደጋጋ በቀር የሚገዛት ጠፋ፤ እሳቸው ግን ማረሻውንም፣ ለማን እንደሚሄድ የማይጠየቀውን ጦርም ይሠሩ ስለነበር ከሰሉ ይፈጅላቸው ነበር። አንድ ጧት ዘይነባ ጆንያዋን ከግቢው በር ላይ ስታወርድ እጸገነት በዚያ አለፈች።

"ዛሬስ ስንት ድንጋይ ከተትሽበት?"

ያን ጊዜ ከአጥሩ ጀርባ መዶሻው በመስፉ ላይ አረፈ። ዘይነባ ልታስረዳት አፏን ከፈተች፤ ግን መልሳ ዘጋችው። ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

"የከተትኩት አንድ ነው፤ ግን ከባድ ነው" አለች፤ ጆንያዋንም ተሸክማ ወደ እሳቱ ገባች።