ሳሙና ሊገዛ የመጣው ሰውዬ

ሰውየው ሳሙናውን እያገላበጠ ሲቆይ ባለሱቋ ዓይኗን አልነቀለችበትም። ሳሙና የሚገዛ ሰው ጫማው እንዲህ አያብረቀርቅም፤ በመጋረጃውም ቀዳዳ ወደ ጓዳ አያይም።

«ባልሽ ጠበቃ ነበር አሉ?» አላት እንደ ዋዛ።

ጆሮዋ ቆመ። ልጃቸው የአልጋ ቁራኛ በሆነች ጊዜ ባሏ ሊያስታምማት ብሎ የጥብቅና ፈቃዱን በገዛ እጁ መለሰ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ አፍ ተዘግቶ አያውቅም። «እንዲህ ያለ እንጀራ በፈቃዱ የሚጥል ማን አለ? አንድ ነገር ቢኖርበት ነው» ይላሉ። አሁን ልጅቷ ድናለች፤ እሱም ፈቃዱ እንዲመለስለት አመልክቶ መልስ ይጠብቃል። ታዲያ ይሄ ከየት የመጣ ጣጣ ነው? ድሮ ባሏ በክስ የረታው ሰው ቂሙን ይዞ መጥቶ ይሆን?

«ምን አገባህ?» አለችው።

«ኧረ ምንም፣ እህቴ። ክስ ሸሽቶ ነው የተወው ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ያሉህን ሄደህ ጠይቃቸው! እዚህ ጠበቃ የሚባል የለም። አገር ጥሎ ከሄደ ቆየ።»

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ዷ ብሎ ወደቀ።

«አይጥ ነው» አለች ቶሎ ብላ።

«ከባድ አይጥ ነው።»

«ሳሙናውን ትገዛለህ ወይስ አሽትተህ ልትጨርሰው ነው?»

ይሄኔ ባሏ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ መጋረጃውን ገልጦ ብቅ አለ። በዓይኗ ግባ፣ ግባ አለችው። አልገባም።

«የምትፈልገው እኔን ነው። ባለቤቴ ለእኔ ሰግታ ነው እንዲያ ያለችህ።»

«ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ወጣህ?»

«ማንም ብትሆን፣ እያለሁ የለም አልባልም።»

ሰውየው ሳሙናውን አስቀምጦ መታወቂያውን አወጣ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የአመልካቾችን ጠባይ እንዲያጣራ የላከው ሰው ነበር።

ባለሱቋ ነገሩ ገባት። ባሏን በገዛ አፏ ቀበረችው! ምላሷ ግን አልታሰረም። «ታዲያ ገዢ መስለህ ምን ታታልለኛለህ?»

«አንቺስ ባልሽን አይጥ አላደረግሽውም?» ሳቀ። ወደ ባልየው ዞሮ፣ «የእሷን ቃል ይዤ ብመለስ ኖሮ ተደብቋል ብዬ ነበር የምጽፈው። አሁን ግን ያየሁትን እጽፋለሁ። ከእኔ በኩል እንቅፋት የለብህም» አለው።

ባልየው እፎይ አለ። እሷ ግን የሳሙናውን ካርቶን ክዳን ቀድዳ ከእስክሪብቶ ጋር ሰውየው ፊት አስቀመጠች።

«እንቅፋት የለብህም ያልከውን እዚህ ላይ ጻፍና ፈርምበት።»

«አንቺ!» አለ ባሏ በእፍረት።

«ከሁለታችሁ ጠበቃው ማነው?» አለ ሰውየው።

እሷ በሩ ላይ ቆማ እስኪፈርም ትጠብቅ ነበር።