ሙሽሪት የሌለችበት ሰርግ

አልዋሸም፣ ራሱን ነቀነቀ እንጂ፣ ራስ መነቅነቅ ደግሞ ቃል አይደለም፣ ቃል የሚባለው ካፍ የሚወጣው ነው፣ ከሮዚ አፍ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልወጣም፣ ውሃ ስጡኝ እንኳ አላለም፣ ታዲያ ምን ያንቀጠቅጠዋል፣ ብርዱ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው በረዶ ነው፣ በገለባ ተጠቅልሎም በቅርጫቱ ሽንቁር እየሾለከ አከርካሪው ላይ ይንጠባጠባል፣ ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶታል፣ በዚህ ዕድሜ ጀርባው የረጠበ ሰው ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል።

ይገርማል እንጂ። ብርዱ አይደለም።

ከፊቱ አፖ ተቂ ይሄዳሉ። ቆርዶንግ መንደር ውስጥ ሕፃኑም ሽማግሌውም አፖ ይላቸዋል፣ አያታችን፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ዳገቱን ግን በምርኩዛቸው እየወጉ ሳይቆሙ ይወጡታል፣ አዲስ ግግር እንዲወለድ ወንድ ግግር በረዶን ከሴት ግግር በረዶ ማጋባት የሚያውቅ በሸለቆው ከሳቸው ሌላ አልቀረም። ከኋላው ሙርተዛ ነው፣ እሱ የተሸከመው ወንዱን ነው፣ ከወንዱ ግግር የተቆረጠውን፣ ጥቁሩን፣ አፈርና ጠጠር የዋጠውን፣ ሙሽራው እሱ ነው። ሮዚ የተሸከመው ሴቷን ነው፣ ነጯን፣ ውሃ የምትሰጠውን፣ ሙሽሪትን። ሙሽሪት ናት ይላሉ። ከዚያ ኋላ ዘጠኝ ሰው፣ ከሰል የያዘ፣ ሰጋቱራ የያዘ፣ በቅል ውሃ የያዘ፣ ሁሉም ዝም። መጥረቢያ በረዶው ላይ ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ ዋሻው ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው እስኪሸፈኑ ድረስ ተሸካሚ አይናገርም፣ ቅርጫትም መሬት አይነካም፣ አንዱ ሲያሸልብ ሌላው ይቀበለዋል። ቃል ከወጣ ግግሩ አይፀንስም፣ ካልፀነሰ ደግሞ አይወልድም፣ ይህን የማያውቅ የቆርዶንግ ሰው የለም።

ድንጋይ ይንከባለላል፣ የአንድ ሰው ሳል ይሰማል፣ ሳል ቃል አይደለም።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንዘፈዘፋል። እዚህ ከፍታ ላይ ኔትወርክ አለ፣ መንደር ውስጥ የለም፣ ጉድ እኮ ነው። ማን እንደሆነ ሳያይ ያውቃል፣ ከታች ሰፈር ነው፣ ሮዚ የዛሬ ተራ የማን ነው፣ የኛ አይደለም እንዴ፣ እንደማይመልስ እያወቁ ይደውላሉ፣ በረዶ ተሸክሞ አፉ ተዘግቶ እየሄደ እንደሆነ ራሳቸው ከመስጊዱ ደጅ ሸኝተውት እያወቁ ይደውላሉ። የመንደሩ መብራት በሱ እጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የመብራት ማመንጫ ጣቢያው ውስጥ ነው ያለው፣ ከሴቷ የሚወርደው ውሃ በቦይ መጥቶ በቧንቧ ቁልቁል ተወርውሮ ተርባይኑን ሲያዞር ድምፁን ሰምቶ ብቻ ላይ እሷ ዘንድ ፀሐይ ወጥታ እንደሆነ ደመና ሆኖ እንደሆነ ይናገራል፣ ሚስቱ ሱግራ በዚህ ትቀናለች፣ የኔ ድምፅ ሲቀየር አንድ ቀን ሰምተህ አታውቅም ትለዋለች።

ሰምቷል። ዝም ብሎ ነው።

ያኔ ውሃ ነበረ፣ እንዴት ያለ ውሃ፣ የሙቀቱ ወራት ከዓመት ዓመት እየጋለ ሲሄድ ቦዩ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይፈስ ነበር፣ ሁለቱም ማሽኖች ይዘምራሉ፣ ላይ ሰፈር ታች ሰፈር ሳይባል መብራቱ ቦግ ይላል፣ ከስካርዱ ከተማ የመጣው መሐንዲስ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ እጁን አፋተገ፣ ሮዚ፣ ተራራህ ደግ ነው፣ ሦስተኛ ማሽን እናስገባለታለን። በሳጥን መጣ፣ በግ ታረደለት። እስከዛሬ ማሽኑ ከሳጥኑ አልወጣም፣ የሱግራ ዶሮዎች ይፈለፍሉበታል። ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም፣ ሮዚ ራሱ አልጠየቀም፣ በየዓመቱ ከሱ በላይ የሚያያት አልነበረም፣ ጫፏ ግጦሹን ለቆ ሲወጣ፣ ከዚያ ትልቁን ድንጋይ ለቆ ሲወጣ አይቷል፣ ውሃው ሲጨምር ግን ማን ወደ ላይ ያያል፣ ደስ አለው፣ ደስ አላቸው፣ ደግነት መሰላቸው። ከሥጋዋ እየቆረሰች ነበር የምታበላቸው።

ከዚያ ውሃው መቀነስ ጀመረ፣ መጀመሪያ ትንሽ፣ ዝናብ ነው ተባለ፣ ከዚያ ካቻምና ሁለተኛው ማሽን ቆመ፣ አሁን አንዱ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ብርድ ሲገባ ያስላል። መብራት በፈረቃ ሆነ፣ አንድ ቀን ለላይ ሰፈር፣ አንድ ቀን ለታች ሰፈር፣ ማብሪያውን የሚገለብጠው ሮዚ፣ ስድቡን የሚጠጣውም ሮዚ፣ የኛን ተራ ለአማቶችህ ሰጠህብን አይደል፣ ሮዚ፣ ልጄ ነገ ፈተና አላት በናትህ፣ ሱግራ እንኳ አልማረችውም፣ ሰዉ ሁሉ ባልሽ መብራት ነው ይለኛል፣ እኔ ቤት ስትገባ ግን ይብስ ይጨልማል። ስቆላት ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን አልቀለደችም፣ ማቀዝቀዣው አራት ቀን ጠፍቶ የሕፃናቱ ክትባት ሲበላሽ ጠርሙሶቹን በሻሽ ቋጥራ ማመንጫው ድረስ መጣች፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባንድ ደረደረችለት፣ አስራ ዘጠኝ ጠርሙስ፣ ባዶ ሻሿን አጥፋ ወጣች። ከስድቡ ሁሉ ያ ነው አንጀቱን የበላው። ታች ሰፈር አስራ አንድ ቤት በሩ ተዘግቷል፣ ሰዎቹ ወደ ስካርዱ፣ ወደ ካራቺ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ትተው።

እና አፖ ተቂ መስጊዱ ደጅ ተቀምጠው፣ እንግዲህ እንትከላት አሉ፣ አሮጊቷ ግግር እያለቀች ነው፣ ልጅ እንውለድ፣ ወንዱም ሴቷም በሕይወት ሳሉ፣ ከአስራ ሁለት ዓመት በኋላ ውሃ ትሰጣለች፣ እኔ አላያትም፣ እናንተ ታያላችሁ። ሙርተዛ ሳቀ፣ ከተማ ተምሮ የመጣ ነው፣ አፖ በረዶ ጾታ አለው እንዴ። አንተስ አለህ፣ አሉት፣ እስካሁን ልጅህን አላየንም፣ ደጁ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፣ በማግስቱ ቀድሞ ቅርጫት ይዞ የመጣው ሙርተዛ ነው፣ ሌላ ምን አለን ብሎ። ሌላ ምን አለን። ሴቷን የሚያውቃት ሮዚ ነው፣ ሮዚ ይሂድ፣ አሉ አፖ፣ እሱ መንገዷን አይስትም።

አልሳተም።

ጠባቡ መተላለፊያ ላይ እግሩ ይንሸራተታል፣ ጠጠሩ ከሥሩ ይሸሻል፣ ቅርጫቱ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አሁን፣ አሁን ይውደቅ፣ ወድቆ ይሰባበር፣ ማንም ሳይናገር ነገሩ ይለቅ፣ የሙርተዛ እጅ ግን ከኋላ መጥቶ ቅርጫቱን ይደግፋል፣ የራሱን ጭነት ተሸክሞ በአንድ እጁ፣ ትንፋሹ ጆሮው ሥር ነው፣ ዞሮ ሲያየው ሙርተዛ በዓይኑ ፈገግ ይላል። ሙሽሪትን ተጠንቀቅ የሚል ይመስላል።

ገደል ነበር፣ ምን ያድርግ። ከትናንት ወዲያ አብሮት የወጣው ሰው ጉልበቱ እምቢ ብሎት ግጦሹ ላይ ቀረ፣ ሮዚ ብቻውን ወጣ፣ ድሮ መጥረቢያውን ይዞ በእግሩ የሚወጣባት ሴቷ ግግር ከአለት ግድግዳ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ አገኛት፣ ሠላሳ ሰው ቁመት፣ አለቱ ራቁቱን፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት። ይህ ሁሉ አለት ከሥሯ እንደነበረ አያውቅም ነበር። እንዴት ይወጣል፣ ማንም አይወጣውም፣ ወፍ ካልሆነ በቀር፣ ስለዚህ ተመለሰ፣ ሲመለስ የወንዱ ግግር ምላስ መንገዱ ዳር ተዘርግቶ ነበር፣ እሱ ድንጋይ ስለለበሰ አይቸኩልም፣ ቶሎ አይቀልጥም፣ ነጣ ያለውን ቦታ መረጠ፣ መጥረቢያውን አነሳ።

ማንም አይወጣውም ነበር። እውነት ነው።

እውነት አይደለም። በግራ በኩል ስንጥቅ ነበረች፣ አይቷታል፣ ሁለት ሰዓት ትፈጃለች፣ ምናልባት ሦስት፣ እግር ማሳረፊያ ነበራት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ አያት፣ ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ ወጣ፣ ቁልቁል አየና ሐሞቱ ፈሰሰ፣ ወረደ። ፈራ። ይኸው ነው። ገደሉ አይደለም፣ ውሃው አይደለም፣ መሐንዲሱ አይደለም፣ አንተ ነህ ሮዚ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያበላችህ፣ አንድ ቀን ነይ ልሸከምሽ የምትልበት ቀን ሲመጣ ቂጥህ ድንጋይ ላይ ቀዘቀዘ።

ወንዙ መሻገሪያ ላይ አፖ ተቂ ጠበቁት። ቃል ስለማይፈቀድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ከሴቷ ነው ለማለት። ሮዚ ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ አንገቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰንቅሮበታል፣ ያ መነቅነቅ ነው።

ይናገር እንዴ፣ አሁን፣ እዚህ ዳገቱ ላይ፣ አፖ ይቁሙ፣ ይህ ወንድ ነው፣ ሁለቱም ወንድ ናቸው። ቢናገር ግን ቃል ወጣ፣ የሙርተዛም በረዶ ሞተ፣ የአስራ ሁለት ሰው ሦስት ቀን ገደል ገባ፣ በሳምንት ውስጥ ከሰማይ በረዶ ይወርዳል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ዘንድሮ ሌላ ዕድል የለም፣ ለከርሞ ደግሞ አፖ ተቂ ይኖራሉ ያለ ማነው፣ እሳቸው ከሄዱ የሚያጋባ የለም። ዝም ቢልስ፣ ዝም ቢል ወንድ ከወንድ ጎን ተኝቶ ምን ሊወለድ ነው፣ አስራ ሁለት ዓመት ሰዉ ወደዚህ ዋሻ እያንጋጠጠ ሊጠብቅ ነው፣ ጨቅላዎች ተወልደው አድገው ሊጠይቁ ነው፣ ግግሯ መች ነው የምትመጣው። ቢናገር ይገድላታል፣ ባይናገርም አልነበረችም። ሲሸፈኑ እናገራለሁ፣ ዱዓው ሲያልቅ፣ ቃል ሲፈቀድ የመጀመሪያው ቃል የኔ ይሆናል፣ እንዲህ ይላል ለራሱ፣ አፖ፣ አልደረስኩም። ሁለት ቃል ናት። በከንፈሩ ሳያሰማ ይለማመዳታል፣ አፖ አልደረስኩም፣ አፖ አልደረስኩም።

ዋሻው። ወደ ሰሜን የዞረ፣ ፀሐይ የማያውቀው፣ አፉ ጠባብ። አፖ ተቂ ይንበረከካሉ፣ ከሰሉን ያነጥፋሉ፣ በላዩ ሰጋቱራ፣ ጣቶቻቸው ሕፃን የሚያስተኙ ይመስላሉ። የሙርተዛ ቅርጫት ይቀርባል፣ ገለባው ይፈታል፣ ወንዱ ይወጣል፣ ጥቁር፣ ጠጠሩን እንደለበሰ፣ ይተኛል። አሁን የሮዚ። ጀርባው ባንዴ ይቀልለዋል፣ ቅለቱ ያስፈራዋል። ገለባው ይፈታል። ሮዚ ነጣ ያለውን መርጦ ነበር፣ ግን ሦስት ቀን እየቀለጠ ነጩ ሄዷል፣ የቀረው ውስጡ ነው፣ ግማሽ ያህል፣ አመዳም፣ የአሸዋ መስመር መሃሉን ሰንጥቆት።

አፖ ተቂ በረዶውን ወደ ብርሃኑ ያነሱታል። አይቸኩሉም። አውራ ጣታቸውን በላዩ ይጎትታሉ፣ ጣታቸው ላይ የቀረውን አሸዋ ያሹታል። ከዚያ ሮዚን ያዩታል፣ እጃቸው ወደ ደረታቸው ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ይቆምና ይመለሳል። ሮዚ አሁን አይነቀንቅም። ዓይኑንም አይሰብርም፣ መስበር ይፈልጋል፣ አልቻለም። ያፍራል፣ እንዲህ አፍሮ አያውቅም፣ አስራ ዘጠኙ ጠርሙስ ፊት እንኳ።

አፖ ተቂ በረዶውን ከወንዱ ጎን ያስተኙታል። ያስጠጉታል። ከሰል ያለብሳሉ፣ ሰጋቱራ፣ ገለባ፣ ቅሎቹን በመሃላቸው ያስገባሉ፣ ድንጋይ ይደረድራሉ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የሰው ድምፅ ዋሻው ውስጥ ይሰማል፣ አሚን፣ ሰዉ ሁሉ አሚን፣ ተፈቀደ፣ ሁሉም ባንዴ ያወራል፣ ይስቃል፣ ሮዚ አፉን ይከፍታል፣ አፖ

አፉ ውስጥ የደረቀ አፕሪኮት ይገባል። አፖ ተቂ ናቸው፣ የሰርግ ወግ ነው፣ የሙሽሪት ወገን አፉ ይጣፍጣል፣ ጣታቸው ከሰል ነው፣ ከንፈሩ ላይ ከሚገባው በላይ ይቆያል። ሰዉ ቅርጫቱን እየሰበሰበ መውረድ ሲጀምር ወደ ጆሮው ይጠጋሉ፣ እኔም አምና ወጥቼ ነበር፣ ይላሉ፣ ከአለቱ ሥር ነው የተመለስኩት። ምርኩዛቸውን ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ።

አውቀው ነው የላኩት። አይደርስም ብለው ነው፣ ወይስ ምናልባት ይደርስ ይሆናል ብለው፣ ወንዙ ላይ ሲነቀንቅ ደርሷል ብለው አምነውት ይሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ይሆን። ይቆጣ ወይ እፎይ ይበል አያውቅም፣ አፕሪኮቱ ይጣፍጣል፣ ይኼ ነው የሚያናድደው፣ የውስጡ ጠንካራ ፍሬ ጥርሱ ሥር ደርሷል፣ አይተፋውም። ዝምታው ዛሬ ያልቃል ብሎ ነበር፣ ለካ ሌሎቹ ናቸው የጨረሱት።

ቁልቁለቱ ላይ ሙርተዛ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ባዶ ቅርጫቱን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ፣ ፊቱ በርቷል፣ ልጅ መስሏል።

ሮዚ፣ በል እንጂ፣ አሁንማ ተፈቅዷል፣ እኔ እኮ ደጅ ሆኜ ተሸፍና ብቻ ነው ያየኋት፣ እስቲ ንገረኝ፣ ዶሮዎቹን ከማሽኑ ሳጥን ላስወጣ ወይስ አላስወጣ፣ ሙሽሪት እንዴት ናት?

ታች ወንዙ ቀጭን ሆኖ ይታያል፣ ከወንዙ ዳር የማመንጫው ቆርቆሮ ጣሪያ። ሮዚ የአፕሪኮቱን ፍሬ በምላሱ ወደ ጉንጩ ይገፋዋል።

ነጭ ናት፣ ይላል።

ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።