ከአምፖሉ በኋላ

ካቻቪቴውን በጥርሱ ነክሶ፣ መሰላል ላይ ቆሞ የጣሪያ ሽቦ እየጎተተ ሳለ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ተወው። እንደገና ጮኸ፤ አሁንም ተወው። በሦስተኛው ግን ሽቦውን ለቀቀና አነሳው። ታናሽ እህቱ ነበረች።

"ወንድምዬ፣ ሥራ ላይ ነህ መሰለኝ፤ ሳልረሳ ልንገርህ ብዬ ነው" አለች። ከኋላዋ የውሃና የሞተር ጩኸት ይሰማል። "ያቺ የልብስ መጭመቂያ ማሽናችን ዛሬ ቆነጠጠችኝ።"

"ቆነጠጠችኝ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ነዘረችኝ ነዋ! ክዳኗን ስነካ እስከ ክርኔ ውርር አደረገኝ።" ሳቀች። "ደህና ነኝ እኮ፤ አትደንግጥ።"

አትደንግጥ ማለቷ ይበልጥ አስደነገጠው። "አሁን የት ነሽ?"

"አጠገቧ ነዋ፤ የት ልሁን?"

"አጥፊያትና ራቂ! እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካት።"

"ኧረ ተው! የሆስፒታሉ አንሶላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልደረሰ የፈረቃ አለቃችን በቁሜ ትውጠኛለች።"

"ብትውጥሽ ይሻላል! እንዳትነኪያት ነው የምልሽ!"

"እሺ፣ እሺ" ብላ ዘጋችው። ይህቺን እሺ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ በእሷ አፍ እሺ ሁለቴ ከተባለ እምቢ ማለት ነው። መልሶ ቢደውል አላነሳችም።

ውጪ ዝናቡ አራተኛ ቀኑን ይዟል። የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ታክሲ ውስጥ ገባ። የሥራ ባልደረቦቹ ሜገሩ ይሉታል። ሜገር የሽቦ ሽፋን ጤንነቱ የሚለካበት፣ የምሳ ዕቃ የምታክል ሣጥን ናት፤ እሱ ከእሷ ተለይቶ አያውቅም። ሽፋን እንደ ሰው ያረጃል፤ ሙቀት ያደርቀዋል፣ ንዝረት ያላላዋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፤ ከውጪ ሲያዩት ሞተሩ ያው ሞተር ነው። የሚያውቀው ሜገሩና ባለ ሜገሩ ብቻ ነው።

እና የእህቱን ማሽን ሞተር የለካው እሱ ነው። ከስድስት ወር በፊት፣ በገዛ እጁ።

ታክሲው መንቀሳቀስ እምቢ አለ፤ ከፊት አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። "ምናለ ቢገፉት!" ብሎ ጮኸ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው አዩት። ምን ይንገራቸው? እህቴ እርጥብ ወለል ላይ፣ እርጥብ እጅ ይዛ፣ እኔ ደህና ናት ብዬ የፈረምኩባት ማሽን አጠገብ ቆማለች ይበላቸው? ባለፈው ወር ደግሞ "ቦቲዬ ተረከዙ ላይ ተሰንጥቆ ውሃ ያስገባል" ብላው ነበር። እገዛልሻለሁ አለ። ረሳው። አሁን ያ ስንጥቅ ዓይኑ ላይ ድቅን ብሎ አልሄድ አለ።

ያ ከስድስት ወር በፊት የለካበት ቀን አርብ ነበር። ሜገሩን ሞተሩ ላይ ሲያስር ዜሮ ነጥብ ሦስት አነበበ። ቁጥሩ ሲያንስ ሽፋኑ ደክሟል ማለት ነው፤ በማሽኗ መዝገብ ያለው ቅጽ ከአንድ ሜጋኦም በታች ከሆነ ማሽኑ ይቁም ይላል። ለጥገና ኃላፊው፣ ሙያውን ላስተማሩት ለጋሼ ደወለ። ጋሼም ረጋ ብለው "እርጥበት ነው ልጄ። አምፖል ስጣት" አሉት። የሙያው ሰው ሁሉ አምፖል መስጠትን ያውቃል፤ ሞተሩን ከፍተህ፣ ባለ ሁለት መቶ ዋት አምፖል አጠገቡ አንጠልጥለህ፣ በጆንያ ሸፍነህ ሁለት ቀን ትተወዋለህ። እርጥበቱ ይተናል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ውሸት የለበትም። ጎርፍ የገባበት ሞተር በዚህ ድኖ ዓመታት ሠርቷል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ አንጠለጠለ፤ ሰኞ ጠዋት ለካ። ስልሳ! ስልሳ ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። አምፖሉ ከመሰቀሉ በፊት ስንት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ችግሩ ግን ያን ሰኞ ዕለት ያየው ነገር ነው። የሽቦዎቹን መውጫ ሲከፍት፣ ጥቅልሉን የሚሸፍነው ጨርቅ በጣቱ ሲነካው ተፈረፈረ። ቫርኒሹ ጠቁሮ፣ ፀሐይ ላይ እንደከረመ የፕላስቲክ ሰሐን ተሰነጣጥቋል። አሥራ አንድ ዓመት በእንፋሎት ውስጥ ኖሮ ምን ይሁን? አምፖል ውሃውን ያደርቃል እንጂ ስንጥቁን አይደፍንም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው ተመልሶ ይገባል። ይህንን ያውቃል። ቴፕ ጠቀለለበትና ክዳኑን ዘጋ። አይቶ ነው የዘጋው።

እህቱ የምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ሲደርስ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። እንፋሎቱ ፊቱን መታው። እህቱ ቆማለች። በሕይወት ቆማለች! ማሽኗም ትሽከረከራለች። ኮሮጆ ሙሉ እርጥብ አንሶላ ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በግራ እጇ የመጥረጊያ እንጨት ይዛለች። ማሽኗ ስትቆም በእንጨቱ ጫፍ ክዳኗን ፈልቅቃ ከፈተች።

"ምንድነው የምታደርጊው?" ብሎ ጮኸ።

"ውይ! አስደነገጥከኝ እኮ!" አለች። "በእንጨት ስንከፍታት አትነዝርም። እትዬ ናቸው ያመጡት ዘዴ።"

እትዬ የሚሏቸው አንሶላ የሚያጥፉት አዛውንት ከጠረጴዛቸው ቀና አሉ። "ሦስት ሳምንት ሆነን እኮ" አሉ፤ ቅንጣት አልከበዳቸውም። "እንጨቱ ሲረጥብ ደረቅ ፎጣ እንጠቀልልበታለን። ዛሬ ልጅቷ ረስታ በእጇ ነካቻት እንጂ።"

"ሦስት ሳምንት! ለምን አልተነገረኝም?"

እህቱ በመገረም አየችው። "አንተ ፈርመህባት የለ እንዴ? እነሱ ሲፈሩ እኮ እኔ ነኝ የማረጋጋቸው። 'ወንድሜ ለክቷታል፣ ስልሳ ነው ያመጣችው፤ ምንም አትሆኑም' እላቸዋለሁ።"

ወደ ማከፋፈያ ሣጥኑ ሄዶ ማብሪያውን ወደ ታች አወረደ፤ ሦስቱንም ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። የፈረቃ አለቃዋ ከቢሮዋ እየጮኸች መጣች፤ እጁን አንስቶ ብቻ አስቆማት። ፊቱ ላይ ምን እንዳየች እንጃ፣ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ስልክ አነሳች።

ተንበርክኮ የሞተሩን ሽፋን ፈታ። ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ወደ መሬት ይዞት እንዲገባ የታሰረው ሽቦ ጫፉ በበረኪና ተበልቶ፣ ከብረቱ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ከሞተሩ የሚያመልጠው ሁሉ የማሽኗን አካል ይዞ፣ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ሜገሩን አሰረና ቁልፉን ተጫነ። መርፌዋ ከዜሮ ላይ ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ተጫነ። ዜሮ። ስልሳ ብሎ የጻፈባት ማሽን።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ መጡ። የፈረቃ አለቃዋ ደውላላቸው ነው። ዣንጥላቸውን አራግፈው አስቀመጡ፤ ከካፖርታቸው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አምፖል ነው።

"አየሃት?" አሉት።

"ዜሮ ናት ጋሼ። የመሬት ሽቦዋም ተበልቷል።"

"እንግዲያው ሽቦውን እሰር፣ አምፖል ስጣት። ከነገ ወዲያ ትነሳለች።"

"ጨርቁ ዱቄት ሆኗል ጋሼ። ይምጡና በጣትዎ ይንኩት።"

"ሰላሳ ዓመት ነክቼዋለሁ" አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም። "አንድ ሰው አልሞተብኝም።"

"እስካሁን" አለ። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ፤ ለጋሼ እንዲህ መልሶ አያውቅም።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አዲስ ሞተር ተጠይቆ እስኪመጣ ሁለት ወር ነው። ማሽኗ ሁለት ወር ከቆመች ይህን ፈረቃ ምን ሊያደርጉት ነው? ኮንትራቶቹን ያሰናብታሉ። እህትህ ኮንትራት መሰለችኝ።"

ዞር ብሎ አያት። ሰምታለች። ኮሮጆውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቀረበች።

"ጋሼ እንዳሉት ብታደርግስ?" አለች በሹክሹክታ። "እኛ በእንጨቱ እንጠነቀቃለን። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ አለብኝ እኮ ወንድምዬ። ሁለት ወር ምን ልብላ?"

"እኔ ጋ ትበያለሽ።"

"ቀላል አድርገህ ተናገርከው።"

ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ሁለት ክፍል ቤት፣ አራት ልጆች፣ አንድ ደሞዝ። ሚስቱ ምን እንደምትል ከወዲሁ ተሰማው። አንገቱን ደፋ። ሲደፋ የእህቱ ቦቲ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ተረከዙ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፣ በስንጥቁ የረጠበ ካልሲዋ ይታያል። ይህን ጫማ አድርጋ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ስታረጋጋ የከረመችው።

"አላበራትም" አለ። "አምፖልም አልሰጣትም።"

እህቱ ፊቷን አዞረች። ከኋላዋ እትዬ "ተመስገን" ሲሉ ተሰማ፤ በቀስታ፣ ለራሳቸው። ለካ እሳቸውም ሲፈሩ ነው የከረሙት።

ጋሼ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "በል እሺ። ትቁም። ዛሬ ለካሁ፣ ዜሮ ሆነች፣ አቆምኩ ብለህ ጻፍ። ሞተር ነው፤ አረጀ፣ ተበላሸ። ጥፋተኛ የለም።" ትከሻውን መታ አደረጉት። "አንተንም የሚነካህ የለም።"

መዝገቡን ከግድግዳው ላይ አወረደና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የዛሬውን ቀን ጻፈ፤ ዜሮ ብሎ ሞላ፤ ቆማለች ብሎ ፈረመ። እርሳቸው እንዳሉት ነው፤ በቂ ነበር። መዝገቡን ሊዘጋ ክዳኑን ያዘ። እህቱ አጠገቡ ቆማ ጽሑፉን ታያለች። የስልሳን ነገር የምታውቀው ከእሱ አፍ ሰምታ ነው፤ ያን ሰኞ እራት ላይ "ማሽንሽ ስልሳ አመጣች" ብሎ አጫውቷት ነበር።

መዝገቡን አልዘጋውም። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠ።

"ያለፈውን ለምን ትነካለህ?" አሉ ጋሼ። "ያ እኮ ያለቀ ነው። የኔም ስም አለበት።"

"የርስዎን አልነካም ጋሼ።"

ስልሳ ከሚለው ቁጥር ጎን፣ ጠባቧ ቦታ ላይ፣ ፊደሎቹን አሳንሶ ጻፈ። ከአምፖሉ በኋላ። ከሥሩ ደግሞ፣ ከአምፖሉ በፊት ዜሮ ነጥብ ሦስት፤ ሽፋኑ መፈርፈሩን አይቻለሁ። ሁለተኛ ፊርማውን አኖረ።

እህቱ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ሳታነበው አልቀረችም። ጋሼ አምፖላቸውን በጋዜጣው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ዣንጥላቸውን ፈለጉ።

"አይተህ ነበር?" አለችው።

"አይቼ ነበር።"

አልተሳደበችም፤ አላለቀሰችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የተሰነጠቀውን ቦቲ ከእግሯ አውልቃ ውሃውን ወለሉ ላይ ደፋች፤ እሱም መዝገቡን ሳይዘጋ፣ ገጹን እንደገለጠው፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ሰቀለው።