አንድ ጣት ለስፌት

መኪናዋ የልብስ ሰፊዋ ናት። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሷ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የነዳቻትም እሷው ናት። ታዲያ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ሲነቀንቅ ለማን ነበር የሚያስረዳው? ለታላቅ ወንድሟ! መንጃ ፈቃድ እንኳ ለሌለው ሰውዬ! እሷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መሀላቸው ቆማለች፤ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩዋትም።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር አብቅቶለታል» አለ መካኒኩ። ጆሮውን ሞተር ላይ ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተሩ» ይለዋል። ዶክተር መባሉስ ይሁን፤ ግን እሱ አዳምጦት የዳነ መኪና ያየ ሰው የለም። «ቴስታታው፣ የሞተሩ አናት፣ ተቃጥሏል። ትናንት እነሱ ሆስፒታል ሳሉ ፈትቼ፣ ውስጡን በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርህ። በከንቱ አትድከሙ። ዓርብ ጠዋት መጥቼ፣ ጎትቼ ከደጃችሁ ላንሳላችሁ። ለብረቱ ይሆነኛል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ወንድሟ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

እስቲ ይታያችሁ! የሰው መኪና አንስቶ ይሰጣል፣ አመስጋኙም ደግሞ እሱ ነው።

«ማን ልሰጥ ነው አለ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺ ደግሞ! ባለሙያ ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ነው» አላት ወንድሟ። «መርፌሽን ብትይዢ አይሻልም?»

ዶክተሩ ሳቀ። ይህችን ሳቅ ያዙልኝ።

ነገሩ የመኪና ፍቅር እንዳይመስላችሁ። እናቷ ኩላሊቷን ታማ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ሆስፒታሉ ከተማው ማዶ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ያስቀይራል። እናትየዋ ደግሞ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን እንኳ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትደርሰው። ትናንት ማክሰኞ መኪናዋ መንገድ መሀል እንፋሎቷን ለቃ ቆመች፤ ወንድሟ ጠርቶት ዶክተሩ ጎትቶ ደጃቸው አቆማት። ሌላ መኪና ለምነው እስኪደርሱ ተራቸው አልፎ፣ ማሽኑ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ነርሷ ያበጠውን የእናትየዋን እግር በጣቷ ጫን አድርጋ አየችና ልብስ ሰፊዋን ወደ ጥግ ወሰደቻት። «ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት እንዳትቀሩ። አሁንም ካመለጣቸው ውሃው ወደ ሳንባቸው ነው የሚሄደው» አለቻት። ይኸው ነው ነገሩ።

«ለዓርብ እኔ መኪና እፈልጋለሁ» ብሏል ወንድሟ። ባለፈው ዓመት ጎማዋ የፈነዳ ጊዜም እንዲሁ ብሎ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየፈለገ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። ዶክተሩ ራሱ ያችኑ ዓይነት መኪና አለው። ማርሿ ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ጠፍቶላት፣ ጋራዡ በር ላይ ከቆመች ዓመት አልፏታል። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ባለፈች ቁጥር ታያታለች። ወንድሟም በዚያው ነው የሚያልፈው፤ ግን ምን ያድርግ፣ ባለሙያ ሲናገር እየሰማ ስለሆነ አያይም!

ሁለቱ እንደሄዱ ከጋቢናው መሳቢያ ውስጥ የመኪናዋን መጽሐፍ አወጣች። ጽሑፉ በማታውቀው ቋንቋ ነው። ስዕሉን ስታይ ግን «አሃ!» አለች። ዕቃው ሁሉ ተነጣጥሎ ተስሏል፤ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም ነጠብጣብ መስመር ያሳያል። ይሄማ ቅድ ነው! ቀሚስስ ከመሰፋቱ በፊት እንዲሁ ተበታትኖ ጠረጴዛ ላይ ይተኛ የለ? ሃያ ዓመት እንጀራዋን የበላችው በዚሁ አይደል?

ኮፈኑን ከፍታ በባትሪ አበራች። መጀመሪያ የፈለገችው ዶክተሩ ፈታሁት ያለውን ነው። የሞተሩ አናት ላይ ያሉት ብሎኖች ዘይትና አቧራ ተጋግሮባቸው ጠጥረዋል። መፍቻ የነካው አንድም የለም። አንዴ ተተርትሮ እንደገና የተሰፋ ልብስ እሷን አያመልጣትም፤ የድሮው የመርፌ ቀዳዳ ይታያታል። ይሄ አልተተረተረም! ሰውየው ምንም አልከፈተም! ሳይከፍት ነው «በዓይኔ አየሁ» ያለው! ዓይን ያወጣ ውሸት! ያውም የታመመች ሴት ከማሽኗ የሚያስቀር ውሸት! ደሟ ፈላ። ደግነቱ አጠገቧ መዶሻ አልነበረም።

ራዲያተሩን ውሃ ሞልታ ሞተሩን አስነሳችና ቆማ ጠበቀች። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ ውሃ የሚያሻግረው ወፍራም ጎማ ሥር፣ በሁለት ብሎን የተያዘ የመዳፍ ያህል የብረት ክዳን አለ። ከክዳኑ ጠርዝ መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ፊጭ! ውሃዋን በዚያ አፍስሳ ስትጨርስ ነው የምትግለው። በቃ፣ ይኸው ነው በሽታው።

ከጎረቤቷ ከብረት በር ሠሪው መፍቻ ተዋሰች። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቃ መፍታት ስትጀምር ብሎኑ አሻፈረኝ አለ። ለካ ወደ ማጥበቂያው ነበር የምታዞረው! ራሷን ሰድባ ወደዚያኛው አዞረች፣ እሺ አለ። ብሎኖቹን እንዳይጠፉባት የልብስ ቁልፍ የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻቸው። ክዳኑ ሲነሳ፣ በሁለቱ ብረቶች መሀል ውሃ እንዳያሳልፍ የሚገባው ወረቀት፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ እንደ ራሰ ብስኩት ተበልቶ አገኘችው። ይህችን ለምታህል ወረቀት ነው መኪናዋ ሞተች የተባለችው!

ሐሙስ ጠዋት መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አያትና «የጋራዡን ሰው ላኪልኝ፣ ለሱ እነግረዋለሁ» አላት።

«የጋራዡ ሰው እኔ ነኝ» አለችው። «ስትጨርስ ማየትህን፣ ወረቀቱን ቁረጥልኝ።»

የተዘጋጀው አልቋል አለና ከጥቅሉ ላይ ትንሽ ቆርጦ ሰጣት። እሷም ጠረጴዛዋ ላይ ክዳኑን አስቀምጣ፣ ዙሪያውን በጠመኔ አስምራ፣ መሀል ያለውን ቀዳዳ ጭምር በመቀስ ቆረጠችው። ሲገጠም ጠብታ አልወጣውም። ደስታዋን አልነግራችሁም፤ ከቀትር በኋላ ሰፈሩን አንዴ ልዙርበት ብላ ነድታ ወጣች።

ጉድ የፈላው የት መሰላችሁ? እዚያው ጋራዡ በር ላይ! የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን አልፎ፣ እንፋሎቱ በኮፈኑ ዙሪያ ቡልቅ አለ። ዶክተሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«እህቴ፣ ሬሳ አይታከምም ብዬ ነበር እኮ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እየሳቁም ቢሆን እቤቷ ድረስ ገፉላት፤ እሱ ይቆጠርላቸው።

ወሬው እግር አለውና ወንድሟ ወዲያው ከተፍ አለ። «እማዬን ልትገድያት ነው?» ብሎ ጮኸባት። ይህችን ቃል እንዴት ትዋጣት? እሱ የታጠበ ደምና ያልታጠበ ደም ልዩነቱን የማያውቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ያችን የሆስፒታል ወንበር ያልተቀመጠባት! ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘጋችበት። ከዚያ እናቷ እንዳትሰማት ፊቷን ጨርቅ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች።

አልቅሳ ስትጨርስ ክዳኑን እንደገና ፈታችው። እናም አየችው። እጇ! ሃያ ዓመት ያስለመደችው የገዛ እጇ! ማንኛውም ልብስ ሲቆረጥ ለስፌት አንድ ጣት ይተርፋል። ማንም ሳያዘው እጇ፣ የወረቀቱን የመሀል ቀዳዳም ዙሪያውን አንድ ጣት አስተርፎ አጥብቦታል። ውሃው ሲያረጥበው ያ ትርፍ ተጣጥፎ የውሃውን መንገድ ድፍን አድርጎታል። የሞተው ሞተሩ አልነበረማ!

«ማን ስፋ አለህ?» አለች እጇን፣ ሰው እንደሚቆጡት።

ከወረቀቱ የተረፈ የለም፤ ሱቁም ሐሙስ ከሰዓት ዝግ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የቅድ ካርቶኖች አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ጠንካራውና ያልተጣጠፈው አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቷ ቀሚስ ቅድ። ከመታመሟ በፊት የተለካ ነው። እናትየዋ ከዚያ ወዲህ እግሯ ሲያብጥ ወገቧ ግን እየሟሸሸ ሄዷል፤ ይህ ልክ ከእንግዲህ አይሆናትም። ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አነሳች። ከዚያ ቆረጠችው።

ቀዳዳውን በልኩ፣ ክር ታህል ሳታስተርፍ። የውጪው ጠርዝ ላይ ግን እጇ አሁንም እምቢ አላትና አንድ ጣት ተረፈ። እሱ ከብረቱ ውጪ ስለሆነ ለማንም ችግር የለውም፤ ተወችው። ግሪስ በስሱ ቀብታ ገጠመችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞረች፣ ሦስቱንም ጊዜ ሆን ብላ በጋራዡ በር። ቀስቱ ከመሀል ንቅንቅ አላለም። ዶክተሩ ግን ያን ሰዓት ዘግቶ ሄዷል፤ እንዲህ ያለው ሰው ዕድል አለው!

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወንድሟና ዶክተሩ የመጎተቻ ሰንሰለት ይዘው መጡ። መኪናዋ ደጅ ላይ ተነስታ ታጉተመትማለች። እናትየዋ ፊት ወንበር ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ኧረ! ተነሳች!» አለ ወንድሟ። ወደ ማን ዞሮ አመሰገነ ብትሉኝ፣ ወደ ዶክተሩ! «አንተ ሰው፣ እጅህ ይባረክ! ሞቷል ብለህ አዳንከው?»

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማክሰኞ ዕለት ትንሽ ነካክቼው ነበር…» አለ። «አንዳንዴ ቆይቶ ነው የሚይዘው።»

ወይ አለማፈር! ቆይቶ ነው የሚይዘው! ክኒን የሰጣት ይመስል!

ልብስ ሰፊዋ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ኮፈኑን ከፈተች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ዶክተር፣ እርስዎ ከነካኩት ይችን ያንብቡልኝ» አለች፣ ጣቷን ወደ ክዳኑ ጠርዝ ቀስራ።

ዶክተሩ አጎነበሰ። ወንድሟ ከትከሻው በላይ አንገቱን አስግጎ፣ ከብረቱ ወጣ ባለው ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን እየቆጠረ አነበበ። «የ… እማዬ… ወገብ። ሰማንያ ስድስት።»

«እናንተ! ወገቤን ነው መንገድ ላይ የምታስነብቡት?» አለች እናትየዋ ከውስጥ።

«ጋሼ፣ ፈትቼ በዓይኔ አየሁ ያለህ ደግሞ ያውልህ» አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ ወንድሟ ዞራ። «ጣትህን እሞተሩ አናት ብሎን ላይ አሳርፍ።»

አሳረፈ። ጣቱ ከነጥፍሩ በተጋገረ ጥቁር ጭቃ ተለወሰ። ጣቱን አየ፣ ሰንሰለቱን አየ፣ ከዚያ ዶክተሩን አየ። ዶክተሩ ሰንሰለቱን እየጠቀለለ ነበር። የዚያን ቀን አልሳቀም።

«ከኋላ ግባ» አለችው ወንድሟን። «ሰዓት የለንም።»

ለሁለት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ነርሷ ማሽኑን አዘጋጅታ እየጠበቀች ነበር። እናትየዋን ደግፎ ያስገባውን የልብስ ሰፊዋን ወንድም አየችና ደስ ብሏት «እማማ፣ ጎበዝ ወንድ ልጅ አለዎት! በሰዓቱ አደረሰዎት» አለች።

ወንድሟ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር እግዜር ይወቅ፤ እናትየዋ ጊዜ አልሰጠችውም። ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ ወንበር አጠገብ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ቆማለች፤ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥባው እንኳ ጥፍሯ ሥር ያለው ዘይት አልለቀቀም። እናትየዋ ጎትታ አወጣችውና ነርሷ ፊት፣ መርፌው ሊገባበት ከተዘረጋው ክንዷ ጎን አስቀመጠችው።

«ይህን እዪ ልጄ» አለች። «እኔን ያደረሰኝ ይሄ እጅ ነው።»

ነርሷ አየች። ወንድሟም አየ። ከዚያ ማሽኑ ተነሳ።