ከማን ወገን ናት?

"መጥረጊያውን አስቀምጪ፣ አንቺ ሴትዮ! ሬሳ ባለበት ቤት ይጠረጋል እንዴ?" አሉ ጎረቤቷ እትዬ ቾሊንግ።

ፌሊሳ መጥረጊያውን ጥግ አቆመችው። የብስኩቱ ፍርፋሪ እንደተበተነ ቀረ። የባሏ የቴዎዱሎ አስከሬን ሳሎኑ መሃል በነጭ ሳጥን ተጋድሟል። በፊሊፒንሷ ኢሎኢሎ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ባጃጁን ሊያስነሳ ሲል ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። ደጅ ለቀስተኛው እንደ አገሩ ልማድ ካርታ ይጫወታል፣ ቡናው በፔርሙስ ይዞራል። የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ሚካይ ሳጥኑ ሥር ቁጭ ብላ የመጋረጃውን ዘርፍ ታሽከረክራለች።

"አባቷ መሞቱ ገብቷት ይሆን?" አለች አንዷ ለቀስተኛ በሹክሹክታ።

"እኔ እንጃ። ሁለት ቃል እንኳ አሟልታ አትናገርም።"

"ይሄ ነገር ከማን ወገን ነው ግን የመጣባት?"

ፌሊሳ ጥያቄውን ለምዳዋለች። አማቷ እማማ ፓሲታ ስንት ጊዜ ጠይቀዋት መልሱንም ራሳቸው ሰጥተዋል፦ "በእኛ ዘር ምላሱ የተሳሰረ የለም!" ይሉ ነበር፣ በሰርግም በክርስትናም፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጡ። ኦቲዝም ያለባቸውን፣ እምብዛም የማይናገሩ ልጆችን ዘረመል ያጠናሉ፤ ከልጁም ከወላጆቹም ምራቅ ይወስዳሉ። ሚካይ አፏን አልከፍትም አለች። ቴዎዱሎ ጫፉ ስፖንጅ የሆነውን እንጨት መጀመሪያ የራሱ ጉንጭ ውስጥ ከተተና፣ ዐይኑን አጉረጥርጦ እንደ ዓሣ አፉን ከፈት ዘጋ አደረገ። ልጅቷ በሳቅ አፏን ስትከፍት ከተመራማሪዎቹ አንዷ ዶክተር ቀልጠፍ ብላ ምራቋን ወሰደች።

ውጤቱን ባልና ሚስቱ አብረው ሄደው ሰሙ።

"ከሁለታችሁም አልወረሰችውም" አለቻቸው ዶክተሯ። "እሷ ላይ አዲስ የመጣ ለውጥ ነው። ጽሑፍ ሲገለበጥ አንዲት ፊደል ትሳት የለ? እንደዚያ በሉት። ጥፋተኛ የለም።"

"ትናገር ይሆን?" አለ ቴዎዱሎ።

"እሱን ጥናቱ ገና አይመልስም።"

ከዚያ በኋላ እማማ ፓሲታ ነገር መወርወሩን ተዉ። እግራቸውም ከቤቱ ራቀ። ፌሊሳ፣ ልጃቸው እውነቱን ነግሯቸው አፍረው ነው ብላ ደመደመች።

በቀብሩ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አማቷ የቀዘቀዘ ቡናቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ይቅር በይኝ።"

"ምኑን፣ እማማ?"

"ከእኛ ወገን መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩሽ። ቴዎዱሎ ነግሮኛል። 'በምርመራው ከእኔ ነው የተገኘው፣ እማዬ፣ ፌሊሳን ተያት' አለኝ። ልጅቷን ባየሁ ቁጥር መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። ለዚያ ነው የቀረሁት።"

ፌሊሳ ወደ ሳጥኑ ዞረች። ሲዋሽ ጆሮው የሚቀላ ሰው ነበር። እናቱ ፊት እንዴት ቆሞ ይህን እንዳወጣው አሰበች። ዝም ልትል አማራት፤ ዝም ብትል ነገር የሚወረውርባት የለም። አሮጊቷ ግን ሚካይ ወዳለችበት እንዳያዩ ዐይናቸውን ከሲኒው አልነቀሉም።

ሲኒውን ተቀበለቻቸው። "ዋሽቶዎት ነው፣ እማማ። ከእሱም አይደለም፣ ከእኔም አይደለም።"

"ታዲያ ከማን ነው?"

"ከማንም።"

እማማ ፓሲታ ተነሥተው ሳጥኑን በመዳፋቸው መቱት። "አንተ ውሸታም! እናትህን ታሞኛለህ!" አሉ። ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሱ። ካርታ ተጫዋቾቹ አንገታቸውን በመስኮት አስገቡ።

በማግስቱ ጠዋት፣ በልማዱ፣ ሳጥኑ ከቤት ሳይወጣ ልጅቷ በላዩ መሻገር ነበረባት፤ ሟች እንዳይናፍቃትና ተመልሶ እንዳይመጣባት።

"ጎረምሳ ይቀበላት፤ ሰው ሲነካት ትራገጣለች" አሉ እትዬ ቾሊንግ።

"ለእኔ ስጡኝ" አሉ እማማ ፓሲታ።

ፌሊሳ ልጇን አንሥታ በባሏ ሳጥን ላይ አሻገረቻት። ሚካይ እንደ እንጨት ደረቀች፤ ተራገጠች፤ የአያቷን አገጭ በክርኗ መታች። ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን አንሥተው ወጡ።

"አሁን ያውርዷት፣ ወገብዎን!" አለቻቸው አንዷ።

ሚካይ የአያቷን የአንገት ልብስ በጡጫዋ ጨምድዳ ይዛለች። እማማ ፓሲታ አንገታቸው እንደተጎተተ፣ ሳያወርዷት ሳጥኑን ተከተሉ።