ባለቤቷ የሚያጣጥሏት መኪና

ዊኒ ፓኬት እንደሚሉት ከሆነ፣ አረንጓዴዋ መኪና ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረቻቸውም። ሦስት መቶ ሺህ ማይል ሊሞላት ጥቂት ቢቀራትም የሞተሯ ድምፅ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፤ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ሌላው ሰው መኪናውን ጥሎ በእግሩ ሲኳትን፣ እሷ ዳገቱን እየዘፈነች ትወጣለች። ባለቤታቸው ሌላንድ እንደሚሉት ደግሞ፣ መኪናዋ ዘይት እንደ ውሃ ትጠጣለች፤ ሻንሲዋን በክረምት ለበረዶው መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በልቶታል፤ ካምቢዮዋ ያለቅሳል፤ ማይሏም ቢሆን ቆጣሪው ተሰብሮ የከረመበት ጊዜ ስላለ አይታመንም። "ለጠላቴም አልሸጣት" ነው የሚሉት።

መኪናዋን ልትገዛ የመጣችው ኮሪን ሁለቱንም የሰማችው በአንድ ጠዋት፣ እዚያው በረንዳቸው ላይ ቆማ ነው።

"እኔ የማውቀው ሻጭ ሲያሞግስ፣ ገዢ ሲያጣጥል ነበር" አለች ግራ ገብቷት።

"እሱን አትስሚው" አሉ ዊኒ። "ባለፈው ሳምንት የመጣውን ሰውዬ በሯን እንኳ ሳይከፍት ነው ያባረረው።"

"አላባረርኩትም። እውነቱን ነገርኩት" አሉ ሌላንድ።

"እውነቱን! አንተ ሰውዬ፣ እኔን ስታገባ እንኳ ይህን ያህል እውነት አልተናገርክም።"

"ተናግሬ ቢሆን ታገቢኝ ነበር?"

ኮሪን ሳቀች እንጂ ሆዷ አልሳቀም። ከተማ ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ረዳት ሆና ትሠራለች፤ በሩን ጠዋት የምትከፍተው እሷ ናት። የምትኖረው ግን ከኮረብታው አናት ላይ፣ አክስቷ ትተውላት ባለፉት ቤት ነው። በአሜሪካዋ ቨርሞንት ኮረብታዎች የበረዶው ክረምት ሲያልቅ ወዲያው ሙቀት አይመጣም፤ መሃል ላይ ጭቃው አለ። ትንሿ የከተማ መኪናዋ ከማክሰኞ ጀምሮ ጎማ ጭቃው ላይ በቆፈረው ቦይ ውስጥ በሆዷ ተኝታ ቀርታለች። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ቢሆንም "ኮሪን፣ በሽተኞቹ ደጅ ቆመው እርስ በርስ ጥርሳቸውን ሊተያዩ አይችሉም" ብሏታል። አንዲት ሴትዮ ከሥራ ቦታዋ ጎን የሚከራይ ክፍል አላቸው፤ እስከ ዛሬ ማታ መልስ ስጪኝ ብለዋታል። እሺ ካለች የአክስቷ ቤት ይዘጋል። በዚያ አገር ደግሞ አንድ ክረምት ተዘግቶ የከረመ ቤት ቧንቧው ውስጥ ውሃው በረዶ ሆኖ ይፈነዳል፤ አይጥ ይወርሰዋል፤ ዳግመኛ ቤት አይሆንም።

"እሺ፣ ከሥሯ ልይ?" አለች።

"መዶሻው ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው" አሉ ሌላንድ። "ምቺና ስሚው። የበሰበሰ ብረት አይዋሽም።"

ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ ገባች። የጠበቀችው ዝገት ነበር፤ ያየችው ግን ከዳር እስከ ዳር እንደ ቅርፊት የደረቀ ጥቁር እድፍ ነው። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ዘይት ታፈሳለች ብሎ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ኮሪን ግን አባቷ ቅጠል በረገፈ ቁጥር ምን ያደርጉ እንደነበር ታውቃለች። ከሥር ዘይት ይረጩና፣ ከዚያ በአቧራማው መንገድ ሽው ብለው ነድተው ዘይቱን አቧራ ያለብሱታል፤ ጨው ያን ልብስ አልፎ ብረት አይነካም። በጥፍሯ ጥቂት ፋቀች። ከሥሩ የፋብሪካው ቀለም እንዳለ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሆዷን የቀባት ሰው፣ ለጠላቴም አልሸጣት የሚላት ለምንድን ነው?

መዶሻውን እያነሣች መታች፤ ጥን፣ ጥን። ከኋላው ግራ ጎማ ወዲህ፣ ባሊስትራው ከሚያያዝበት አጠገብ ስትደርስ ግን ጧ አለ። መዳፍ የምታህል ቦታ ተበልታለች።

"አንድ ቦታ ብቻ ነው" አለች ወጥታ እየተራገፈች። "የቀረው ጤነኛ ነው። እዚህች ጋ ግን ካልተበየደች ቦሎ አይሰጧትም።"

"አላልኩም!" አሉ ሌላንድ፤ ልጃቸው የተመረቀላቸው ያህል ደስ አላቸው።

"መዳፍ የምታህል አለች እኮ! አንተ ያልከው ጨርሶታል ነው" አሉ ዊኒ።

"መዳፍ መዳፍ እያለ ነው የሚያልቀው።"

ኮሪን ሁለቱንም አየቻቸው። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። "የራሴን ዳገት ካልወጣችልኝ ምንም ትሁን አልፈልጋትም" አለች። "ልሞክራት?"

ሌላንድ ቁልፉን ለመስጠት ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ "እኔም አብሬ እሄዳለሁ" አሉና፣ በመኪናዋ ጎን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞረው ከጎኗ ገቡ።

አስፋልቱ ላይ ካምቢዮው አላለቀሰም። ሌላንድም ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጡ ነበር። የኮሪን ዳገት ሥር ሲደርሱ ግን ቀና አሉ። "አራቱም ጎማ እንዲጎትት አጭሯን ማርሽ ወደ ኋላ ሳቢያት። እንዲህ ነው። ጎማ በቆፈረው ውስጥ አትግቢ፤ ከመሃሉ ጉብታ ላይ ሂጂ። ትልቁ የሜፕል ዛፍ ጋ ስትደርሺ ግራሽን ያዢ፤ ቀኙ ሥሩ ውሃ ነው።"

ኮሪን መንገዱን በየቀኑ ትሄድበታለች። በዚያ አገር ግን ስለ ጭቃ ከሽማግሌ ጋር የሚከራከር የለም፤ ጭቃ የነሱ ትምህርት ነው። ኩርባውን እንደታጠፉ ሌላንድ "አሁን! ግራ!" ሲሉ እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ መሪውን ጠመዘዘው። መኪናዋ በአፍንጫዋ ከመንገዱ ዳር ወዳለው የውሃ መውረጃ ቦይ ወረደች። ቡናማው ውሃ እስከ መስኮቱ ተረጨ፤ ሞተሩም ጠፋ።

"ምን ሆነ?" አሉ ሌላንድ፣ ሁለት እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ተክለው።

"ቦዩ ውስጥ ገባን።"

"ቦዩ በቀኝ ነው እኮ!"

"በፊት ነበር። አምና ዛፉን ሲቆርጡት ወደ ግራ አዞሩት።"

"ዛፉን ቆረጡት?"

ጉቶው በሳቸው መስኮት በኩል፣ እንደ ገበታ ሰፍቶ፣ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ሌላንድ ፊት ለፊት ወደ እሱ ዞረው ዛፉን ይፈልጋሉ።

ኮሪን የመሪውን ጭቃ በእጅጌዋ ጠረገች። "ከመቼ ጀምሮ ነው የማያዩት?" አለች ቀስ ብላ።

"ከገና በፊት ነው" አሉ ሌላንድ። "ዳር ዳሩ ይታየኛል፤ የጠፋው መሃሉ ነው። ያንቺን ፊት ለምሳሌ አላየሁትም። ጆሮሽን ግን አይቻለሁ። ጥሩ ጆሮ ነው።"

"አመሰግናለሁ።"

"መንጃ ፈቃዴን ዊኒ ቆልፋ አስቀምጣዋለች። ልክ ናት፤ እንዳትነግሪያት እንጂ። መኪናዋ ግን ግቢ ውስጥ እስካለች ድረስ... አንድ ቀን ጠዋት ብነሣና መሃሉ ተመልሶ ቢሆንስ? እያልኩ ነው።" ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት። "ሰው ሊወስዳት በመጣ ቁጥር አፌ ዝም ብሎ ይሳደባል።"

"ታዲያ ዘይት አትጠጣም?"

"ጠብታ አትጠጣም። ሦስተኛው ማርሽ ትንሽ ያጉረመርማል፤ እኔም አጉረመርማለሁ። ቆጣሪው የተሰበረው ለአንድ ክረምት ነው። የተበላችው ብረት ግን እውነት ናት፤ እሷን ደህና አድርገሽ አግኝተሻታል።"

"አሁን ከዚህ እንዴት ነው የምንወጣው?"

"ይሄማ ቀላል ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ተመለሰ። "አስነሺያት። አንደኛ አስገቢና ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። ከዚያ እግርሽን ከሁሉም ላይ አንሺ። ቤንዚን አትስጫት! ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፤ ይረግጥና ራሱን ይቀብራል። እሷ ራሷ ታስብበት።"

ኮሪን እግሯን አነሣች። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ ጎማዎቿ እየተንሸራተቱ አንድ ዞሩ፣ ሁለት ዞሩ፣ ከዚያ የሆነ ጠንካራ ነገር ያዙ። ከኩሬ እንደምትወጣ ላም እየተወዛወዘች፣ ሳትቸኩል፣ ወደ መንገዱ ወጣች። የቀረውን ዳገትም በዚያው እርምጃዋ ወጣችው። የአክስቷ ቤት አጥር ጋ ሲደርሱ ሌላንድ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አየሩን አሸተቱ።

"ከላይ ደርሰናል" አሉ።

"ደርሰናል።"

"መልካም ቦታ ነው። ነፋሱ ጥሩ ነው።"

ሲመለሱ ዊኒ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። እስከ ጣራዋ ጭቃ የለበሰችውን መኪና አይተው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "ጌታ ሆይ! ልጅቷን የት ከተትካት?"

"ቦይ ውስጥ" አሉ ሌላንድ ሲወርዱ።

"አንተ ነድተህ?!"

"በአፌ። እጄንማ አሥረሽዋል።" ከዚያ የእግሯን ድምፅ ተከትለው ወደ ኮሪን ዞሩ። "በይ እንግዲህ፤ ደጉንም ክፉውንም ሰምተሻል። ከእንግዲህ አላማትም። ምን ትያለሽ?"

ኮሪን ቁልፉን እጇ ላይ አገላበጠችው። መኪናዋ ከሥሯ መዳፍ የምታህል ብየዳ ያስፈልጋታል፤ ዕድሜዋም ከኮሪን ዕድሜ ብዙ አያንስም። ነገር ግን ቦዩ ውስጥ አፏን ተክላ፣ ማንም ሳይረግጣት፣ ራሷ አስባ የወጣች ናት።

"እወስዳታለሁ" አለች። "ዊኒ፣ ስልክዎን ያውሱኝ፤ ከተማ ልከራየው የነበረውን ክፍል ለሌላ ሰው ይስጡት ብዬ ለባለቤቷ ልደውል ነው።"